ከወንበሩ ጀርባ

የላይማን ክሮዘርን ፊት የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስሙን የሚያውቅ ግን ከስንት አንድ ነው። ሥጋ ቤት ወረፋ ይዞ ሲቆም ሴቶቹ ዘወር ዘወር እያሉ ያዩታል።

«ይቅርታ ጌታው፣ የት ነው የማውቅዎት? የእህቴ ጎረቤት አይደሉም?» ትለዋለች አንዷ።

«አይደለሁም እመቤቴ።»

«እንግዲያው ባሌን የቀበሩት እርስዎ ነዎት!»

ሴትየዋ ብዙም አልተሳሳተችም። ላይማን በፊልም ላይ የብዙ ሴት ባል ቀብሯል። ሬሳ ገናዥ ሆኗል፤ ዳኛ ሆኖ ፈርዷል፤ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ቁልፍ አቀብሏል። ከሁሉም በላይ ግን የሀብታም ቤት አጋፋሪ ሆኗል። በር ይከፍታል፣ ኮት ይቀበላል፣ «እራት ቀርቧል ጌታዬ» ይልና ይወጣል። ተመልካቹ የሚያየው በተከፈተው በር የምትገባዋን ቆንጆ ነው። በሩን የከፈተው ሰው ረጅም፣ መላጣና የዓይኑ ቆብ የወረደ መሆኑን የሚያስታውሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው፤ ያንንም ካስታወሰ።

እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። በወጣትነቱ ከሚስቱ ከኮራ ጋር በኦሃዮና በኢንዲያና ከተሞች እየዞሩ ቴአትር ያሳዩ ነበር። እሱ ንጉሥ፣ እሷ ንግሥት። ከባቡር ወርደው መድረክ፣ ከመድረክ ወርደው ባቡር። ኋላ ፊልም አፍ አውጥቶ መናገር ሲጀምር የየከተማው ቴአትር ቤት መጋረጃውን አውርዶ ነጭ ሸራ ሰቀለ፣ እነሱም ሜዳ ላይ ቀሩ። «ለአንድ ክረምት እንሂድና እንሞክረው» ተባብለው ወደ ሆሊውድ መጡ። ክረምቱ ሳያልቅ ሁለቱም አረጁ።

ኮራ ካሜራ ፊት ብትቆምም አልሆነላትም። «ድምፅሽ ለጣሪያ ነው እንጂ ለማይክራፎን አይደለም» አሏት። ቤት ተቀመጠች። ከገጠር ለሚመጡ፣ ተዋናይ ለመሆን ለሚቋምጡ ልጃገረዶች የአነጋገር ትምህርት ትሰጣለች፤ የባሏን የሸሚዝ ኮሌታ በስታርች አድርቃ ትተኩሳለች። ላይማን ሊነጋ ሲል ተነስቶ ይወጣል፤ ጀምበር ስትጠልቅ እግሩ አብጦ ይመለሳል። አጋፋሪ ሆኖ የኖረ ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሚውለው። የሚቀመጡት ሌሎች ናቸው።

አንድ ባላንጣ ነበረው። ሴድሪክ ፓውሌት ይባላል፣ እንግሊዛዊ ነው። እሱም ረጅም፣ መላጣ፣ የዓይኑ ቆብ የወረደ። አባቱ ሎርድ እንደሆኑ ያወራል፤ ዓሣ ነጋዴ እንደነበሩ ግን ሁሉም ያውቃል። ስቱዲዮዎቹ አጋፋሪ ሲፈልጉ ሁለቱን ይጠሩና አንዱን ይመልሳሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ በየቢሮው ደጃፍ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲገናኙ ኖረዋል።

«ደግሞ መጣህ? ሬሳ ሸተተህ?» ይለዋል ፓውሌት።

«አንተ ካለህበት ሬሳ መች ይጠፋል» ይላል ላይማን።

ሰው ይስቃል። እነሱ ግን የምራቸውን ነበር። አንድ ጊዜ ፓውሌት ለአንድ ዳይሬክተር፣ «ክሮዘር እኮ ጠጪ ነው፤ ከምሳ በኋላ እግሩ አይጸናም» ብሎ ሹክ አለው። ላይማን የገናን ወይን እንኳ ግማሹን የሚተው ሰው ነው፤ እግሩ ያልጸናው አብጦ ነው። ወሬ ግን ምክንያት አይጠይቅም፣ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ ዞረ። ያን ዓመት ስልኩ ሳይጮኽ ከረመ። ኮራ ከእናቷ የወረሰችውን ፒያኖ ሸጠች። ፒያኖው ሲወጣ በሩ አልበቃ ብሎ እግሮቹን መንቀል ግድ ሆነ፤ ኮራ ቆማ አየች፤ አላለቀሰችም። ከዚያ በኋላ የፓውሌት ስም በዚያ ቤት አይነሳም። ማንሳት የግድ ከሆነም «ያ እባብ» ይባላል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በሁለተኛው ዓመት፣ በመስከረም ሙቀት፣ አንድ ትልቅ ፊልም ተጀመረ። አንዲት የሀብታም ልጅ የምታገባበት ታሪክ ነው። በታሪኩ ውስጥ ልጅቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገ ሽማግሌ አጋፋሪ አለ። በሠርጓ ዕለት ጠዋት፣ ቬሏን አጥልቃ ተቀምጣ ሳለ፣ ሽማግሌው ፊቷ ቆሞ ረጅም ንግግር ያደርጋል። አጋፋሪ በፊልም ላይ ያን ያህል ሲናገር ተሰምቶ አያውቅም። ላይማን ለፈተና ተጠርቶ ንግግሩን ሲበላም ሲታጠብም እያለ አጠናው። ካሜራ ፊት ሲለው የመብራት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ ጸጥ አሉ። ሚናው ግን ለፓውሌት ተሰጠ። «የእንግሊዝ አነጋገሩ ያምራል» ተባለ። ላይማን የቤተሰቡ ጠበቃ ሆነ። «ፊርማዎ እዚህ ላይ ነው እመቤቴ» ማለት ነው ሥራው።

ኮራ ይህን ስትሰማ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እባብ ሞት የለውም» አለች።

የፓውሌት ንግግር የሚቀረጽበት ቀን ደረሰ። ስቱዲዮው እንደ ምድጃ ግሏል። መብራቶቹ ከላይ ያቃጥላሉ፣ የሱፍ ኮቱ ከውስጥ ይቀቅላል። ላይማን ተራው እስኪደርስ ከግድግዳው ኋላ ተቀምጦ፣ ጫማውን አውልቆ እግሩን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነክሯል። ከዚያ ሆኖ የፓውሌትን ድምፅ ይሰማል።

«እመቤቴ፣ የመጀመሪያ ጥርስሽ የወለቀ ዕለት ለእናትሽ አልነበረም ያሳየሽው። ወጥ ቤት ድረስ ሮጠሽ መጣሽና እጄ ላይ አኖርሽው። ያን ዕለት... ያን ዕለት...»

«ዝናብ ነበር» አለ ላይማን በልቡ።

«ያን ዕለት...»

«አቁሙ!» አለ ዳይሬክተሩ። ሃንሎን ይባላል፤ ቀኑን ሙሉ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ የሚበላ፣ በልጅነቱ ፈረስ ይገራ የነበረ፣ ትዕግሥትም ከዚያ የተማረ ሰው ነው። «ምንም አይደለም ሴድሪክ። እንደገና።»

እንደገና ሆነ። እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ፓውሌት መብራቱ ዓይኔን ወጋኝ አለ፤ መብራቱን አነሱለት። ጫማዬ ጠበበኝ አለ፤ ጫማ ቀየሩለት። ከዚያ የሙሽራይቱን ቬል ተቆጣ። ሙሽራይቱን የምትጫወተው ሮዋና ዴይል የምትባል ወጣት ዝነኛ ናት። «እኔ ምን አደረግሁ?» ብላ ወደ ሃንሎን ዞረች። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ፣ በሦስተኛውም ቀን። ከሃንሎን ወንበር ሥር የኦቾሎኒው ቅርፊት ተከመረ።

መጀመሪያ ላይ ላይማን ደስ አለው። መደበቅ አይገባም፣ ደስ አለው። በሦስተኛው ቀን ግን ምሳ ሰዓት ላይ ፓውሌት ሳህኑን ይዞ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

«ሚስትህ እንዴት ናት? ሜብል ደኅና ናት?» አለው።

«ኮራ ነው ስሟ። ደኅና ናት።»

«ጎሽ። ጥሩ ሴት ናት ሜብል።» ሾርባውን በሹካ ሊበላ ሞከረ። ሁለቴ አነሳው። ከዚያ ሹካውን በዝግታ አስቀምጦ ሰው አይቶት እንደሆነ ዙሪያውን ቃኘ። ላይማን ፊቱን አዞረ።

ከሰዓት በኋላ ሃንሎን ላይማንን ለብቻው ጠራው።

«ንግግሩን ታውቀዋለህ አይደል?»

«ለፈተናው አጥንቼው ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አይቼዋለሁ። ያን ቀን እኔ አንተን ነበር የፈለግሁት፤ ከላይ ያሉት ናቸው ያልፈለጉህ። አሁን ግን የእነሱም ትዕግሥት አልቋል። ነገ ጠዋት ኮቱን አንተ ትለብሳለህ። ለሴድሪክ ቢሮው ጠዋት ይደውልለታል።» ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ምነው፣ ደስ አላለህም እንዴ?»

«ኧረ ብሎኛል» አለ ላይማን።

ቤት ገብቶ ሲነግራት ኮራ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ እንደ ልጅ ዘለለች፤ ጉልበቷ ታማሚ ስለሆነ የወንበሩን ጀርባ ይዛ ነው የዘለለችው።

«ፈረደ! እግዜር ፈረደ! እኔ ሳልሞት አሳየኝ! ና፣ ና ቁም እዚህ። እኔ ሙሽራ ነኝ። በል።»

የወጥ ቤት ፎጣ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። ላይማን ምድጃው አጠገብ ቆሞ ንግግሩን አለላት። አንዲት ቃል አልሳተም። ኮራ የተማሪዎቿን ያህል እንኳ ሳትራራለት አረመችው፤ «እዚህ ላይ አትቸኩል»፣ «እዚህ ላይ አትዘን፣ እኛ ነን የምናዝነው» አለችው። ዓይኗ በርቷል። ያን ብርሃን ላይማን ካየው ብዙ ዘመኑ ነው፤ ባቡር ላይ ቀርቷል ብሎ ነበር የሚያስበው።

«ልወጣ ነው» አለ ሲጨርስ።

«ወዴት?»

«ሰውየው ጠዋት መጥቶ ኮቱን እኔ ላይ እንዲያየው አልፈልግም። ከቢሮ ይደውሉለታል ይላሉ፤ ደግሞ እነሱ ይረሳሉ።»

«ተወው ይየው! አንተ ሰው፣ ፒያኖዬ በዚያ በር ሲወጣ እሱ መጥቶ ነግሮን ነበር?»

«አልነገረንም» አለና ባርኔጣውን አነሳ።

ፓውሌት የሚኖረው መሀል ከተማ፣ በትራም ሐዲድ ዳር በሚገኝ በወር በሚከራይ ሆቴል ውስጥ ነው። ላይማን ሲደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት፣ ወፍራም ሴትዮ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች።

«የሚስተር ፓውሌት ወንድም ነዎት?» አለችው።

«የሥራ ባልደረባ ነኝ።»

«እግዜር ነው ያመጣዎት። ትናንት መንገድ ጠፍቶበት ፖሊስ ነው ያመጣው። ሌሊቱን ሙሉ ያወራል። ስለ ጥርስ ነው የሚያወራው፤ ጥርሱን አሞት ይሆን?»

ፓውሌት በሩን ሲከፍት ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ አልጋው እንደ ወታደር አልጋ ተነጥፏል።

«ክሮዘር! ግባ፣ ግባ። ጥሩ ጊዜ መጣህ፣ ስማኝማ።» ክፍሉ መሀል ቆመና ጀመረ። ጥርሱን፣ ወጥ ቤቱን፣ እጁን፣ ሁሉንም አለው። እንዴት አድርጎ እንዳለው! ላይማን ቀናበት። «ያን ዕለት...» አለና ፓውሌት ቆመ። ግድግዳውን አየ። አልጋው ላይ ቁጭ አለ።

«አውቀዋለሁ እኮ» አለ። «ቃሉን አውቀዋለሁ። ቅድም ነበረኝ።»

«ለሐኪም ታይተሃል?»

«ሐኪም ሥራ ተው ይለኛል። ሥራ ከተውኩ ቀኑን ምን አደርገዋለሁ? አንተ ሚስት አለህ። እኔ ጠዋት ተነስቼ ጢሜን የምላጨው ለማን ነው?»

ላይማን የመጣበትን ነገር ለመናገር አፉን ከፈተ። ሌላም ነገር አብሮ መጣበት፤ ለዓመታት ጠርቅሞ የያዘው። ስለ ጠጪነቱ ስለተወራው ወሬ፣ ስለ ፒያኖው። ዛሬ ካልተናገረው መቼም ሊናገረው አይችልም።

«ፓውሌት፣ በእኔና በአንተ መካከል ያለው ነገር...»

«ምን ነገር?» አለ ፓውሌት ቀና ብሎ። ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ባዶ ነው። «እኛ እኮ ተጣልተን አናውቅም። በዚህ ከተማ ክፉ ያልተናገርከኝ አንተ ብቻ ነህ። ተጣልተን እናውቃለን እንዴ?»

ላይማን አየው፤ ሲያስመስል አልነበረም። ተዋናይ ተዋናይን ያውቃል።

«አናውቅም» አለ። ሸሚዙን አውልቆ በደንብ እንዲለብስ ረዳው፤ ከዚያም ወጣ። ስለ ነገው ጠዋት አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ቤት ሲመለስ ኮራ የሸሚዙን ኮሌታ ተኩሳ፣ ጫማውን ወልውላ አስቀምጣለች። «ነገርከው?» አለችው። «ነገርኩት» አለ፤ ዋሸ። እራቱን አልበላም። በትዳራቸው ዘመን ከዋሻት ውሸት ሁሉ እንደዚያ የከበደው የለም።

ጠዋት ስቱዲዮ ከማንም ቀድሞ ደረሰ። ለፓውሌት ደውለውለት እንደሆነ ጠየቀ፤ ገና አልደወሉም። ሃንሎን ሲገባ በሩ ላይ ጠበቀው።

«ሚናውን ለእሱ ተውለት» አለው።

ሃንሎን ኦቾሎኒው አፉ ውስጥ እንዳለ ማኘኩን አቆመ። «ምን አልክ?»

«ሙሽራይቱ የምትቀመጥበት ወንበር ጀርባው ረጅም ነው። እኔ ከኋላው እንበረከካለሁ። ቃል ቃሉን አቀብለዋለሁ። አንተ ደግሞ ንግግሩን ቆራርጠህ ቅረጸው። ሦስት ቀን የቀረጽከውም ከንቱ አይቀርም።»

«አብደሃል? ሃያ ዓመት ሙሉ አልነበር እንዴ ይህን ስትጠብቅ የኖርከው?»

«ነበር።»

«ታዲያ?»

ላይማን ይህን የጠየቀው መልካም ሰው ስለሆነ አልነበረም፤ እሱም ያውቀዋል። ሌሊቱን ያንን ኮት ሲለብስ ራሱን ለማየት ሞክሮ አልታይ አለው። የታየው የተገለበጠው ሸሚዝ ነው። «አንድ ጠዋት ስጠን» አለ። «ካልሆነ እለብሰዋለሁ።»

ሃንሎን ሰዓቱን አየ። «እስከ ምሳ» አለ።

ላይማን ከወንበሩ ኋላ ተንበረከከ። ጉልበቱ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ አደረጉለት፤ ከላይ የመብራቱ ግለት፣ ከፊቱ የወንበሩ ቬልቬት። የሮዋና ዴይል ቬል አፍንጫውን ይኮረኩረዋል።

«ሚስተር ክሮዘር» አለች ሳትዞር፣ ቀስ ብላ፣ «ቁርስዎ ላይ ሽንኩርት ነበረበት?»

«እንቁላል በሽንኩርት። ይቅርታ ልጄ።»

«ግድ የለም። ለማልቀሱ ይረዳኛል።»

ፓውሌት ጀመረ። ጥርሱን ጨረሰ፣ ወጥ ቤት ደረሰ፣ እጁ ላይ አኖረው። «ያን ዕለት...»

«ዝናብ ነበር» አለ ላይማን በትንፋሹ።

«ያን ዕለት ዝናብ ነበር» አለ ፓውሌት። ዐረፍተ ነገሩን ጨርሶ ቀጣዩ ላይ ቆመ። ላይማን አቀበለው። እንዲህ እያሉ ጥቂት ሄዱ። በመሀል ፓውሌት በድንገት ተቆጣ።

«ማነው እዚያ የሚያንሾካሹክ? ተዋናይ ነኝ እንጂ በቀቀን አይደለሁም!»

«አቁሙ» አለ ሃንሎን ደክሞት። ውኃ አመጡ። እንደገና ጀመሩ። ምሳ አለፈ፤ ሃንሎን ሰዓቱን ኪሱ ከተተ። ላይማን ከጉልበቱ በታች ያለው እግሩ የራሱ መሆኑን መርሳት ጀመረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፓውሌት ከሚተነፍስበት ትንፋሽ ጋር አስተካክሎ፣ ልክ ቃሉ ከራሱ ከሰውየው የመጣ እስኪመስል ያቀብላል። ሥራው አዲስ አልነበረም፤ ዕድሜውን ሙሉ ለሌላ ሰው በር ሲከፍት ነው የኖረው። አንዳንዱ ቁራጭ ጥሩ ሆነ፤ አንዳንዱ አልሆነም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ የመጨረሻውን ቃል ቀረጹና ሃንሎን «በቃ» አለ። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። ፓውሌት አጎንብሶ እጅ ነሳ። ላይማን ሊነሳ ቢሞክር ጉልበቱ እምቢ አለው፤ ሁለት የመብራት ሠራተኞች በብብቱ ይዘው አነሱት።

ፓውሌት በአጠገቡ ሲያልፍ አየው። ወደ ሮዋና ዴይል ዞሮ፣ «ያ ሽማግሌ ነው ሲረብሸኝ የዋለው፤ ማን አስገባው?» አላት። ከዚያ ኮቱን ሳብ ሳብ አድርጎ፣ እንደ ሎርድ ልጅ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ኮራ ከደጃፉ ቆማ ጠበቀችው። ዶሮ ጠብሳለች፤ ልብሷን ቀይራለች።

«እህስ?»

ላይማን ቆሞ ነገራት። ሁሉንም፣ ውሸቱንም ጭምር። የወጥ ቤቱን ወንበር ተደግፋ ሰማችው። ሲጨርስ መደገፊያ የሆናትን ወንበር ለቀቀች።

«ሰጠኸው» አለች።

«ኮራ፣ ሰውየው እኮ...»

«ሰምቻለሁ፣ ታሟል። ያሳዝናል፣ ያሳዝን። ግን የሰጠኸው የራስህን ብቻ መሰለህ? ያ ንግግር የኔም ነበር። ሃያ ዓመት የሸሚዝ ኮሌታ የተኮስኩት አንተ አንድ ቀን እንድትናገር ነው። እኔ ድምፄ ለጣሪያ ነው ተብዬ ቤት ስገባ፣ ያንተ ይበቃናል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ጠዋት ስትወጣ አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እሺ እል ነበር ይሆናል። እንድል እንኳ አልጠየቅከኝም።»

ላይማን ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ደክሞኝ ነበር» አለ፤ ያለው መልስ እሱ ብቻ ስለሆነ።

«ማን ያልደከመው አለ?» አለች ኮራ። ዶሮውን ከነድስቱ አንስታ ለጎረቤት ሰጠችው።

ብዙ ሳምንት «ጨው አቀብለኝ»፣ «በሩን ዝጋ» ብቻ እየተባባሉ ኖሩ። ላይማን በር መክፈቱን ቀጠለ። ክረምቱ ወጥቶ ፊልሙ በየከተማው መታየት ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት ኮራ ቁርስ ላይ ጋዜጣ ስታነብ ቆየችና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎት ተነሳ። እየሳቀች ነው።

«ስማ» አለችው። «‹ከሁሉም በላይ የማይረሳው የሽማግሌው አጋፋሪ ንግግር ነው። ሴድሪክ ፓውሌት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ አሳይቶናል።› አሁን ፎቶውን እይ።»

ፎቶው የላይማን ነበር። ጋዜጣው ሁለቱን አምታቷቸው፣ በአንድ አሮጌ ፊልም ላይ ሬሳ ገናዥ ሆኖ የተነሳውን አውጥቷል።

«ፊትህ ደረሰ፤ ስምህ መንገድ ላይ ቀረ» አለች ኮራ፤ ዓይኗን በፎጣ እየጠረገች። «አይ አንተ ሰው! ምን ዓይነት ዕድል ነው የተሸከምከው?» ከዚያ ቡናውን ሞላችለት። ይቅር ማለቷ አልነበረም፤ ያን ጠዋት ግን ወሬያቸው ከጨው አለፈ።

ፓውሌት ከዚያ በኋላ አልሠራም። ጥሪ መጥቶለት ነበር፤ አንዴ ሌላ ስቱዲዮ ሄዶ ቀኑን ሙሉ ሰው በሌለበት አዳራሽ ቆሞ ዋለ፤ አንዴም ከነጭራሹ ሳይሄድ ቀረ። ተዋንያን ተሰባስበው ላቆሙት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በብርቱካን እርሻዎች መካከል ላለ የአረጋውያን ማረፊያ ሰጡት። ላይማን በየእሁዱ ይሄዳል። ፓውሌት አንዳንዴ ያውቀዋል፣ አንዳንዴ አያውቀውም። ሲያውቀው ይሰድበዋል፤ ሳያውቀው ትሕትና ያበዛል። ላይማን ስድቡን ይመርጥ ነበር።

በአንዱ እሁድ ጠዋት ኮራን ኮቷን ለብሳ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ አገኛት። ጭኗ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ፣ በሊጥ ውስጥ የተጋገረ የዶሮ ፓይ ይዛለች።

«እኔ ላየው አይደለም የምሄደው» አለች። «አየር ልቀበል ነው።»

ላይማን ሞተሩን አስነሳ።

ፓውሌት ሰገነቱ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኙት። ኮራ ከፊቱ ቆመች። የጠላችው ሰው የጠበቀችውን ያህል ትልቅ አልሆነባትም፤ አንገቱ ቀጥኖ ሸሚዙ ውስጥ ይዋኛል። ያሰበችውን ንግግር ትታ ፓዩን ቆርሳ ሰጠችው። ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ፊቱን አጨማደደ።

«ጨው በዝቶበታል» አለ።

«ምን?» አለች ኮራ።

«ጨው። በአባቴ ቤት እንዲህ ያበሰለች ሴት በማግሥቱ ሻንጣዋን ይዛ ነበር የምትወጣው።»

«አባትህ ዓሣ ነበር የሚሸጡት!»

«ምርጥ ዓሣ» አለ ፓውሌት በኩራት። «ደግሞ ጨው አያበዙበትም ነበር።» ሳህኑን ግን አልመለሰም። እያጉረመረመ እስከ መጨረሻው ፍርፋሪ በላው፤ ኮራም ወገቧን ይዛ ቆማ፣ ከአንድ ወሬ ወደ ሌላ ወሬ እየዘለለ የሚለውን ሁሉ አንድ በአንድ ስትመልስለት ዋለች። ድምፅዋ የብርቱካኑ እርሻ ድረስ ይሰማል። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ወንበራቸውን ወደ እነሱ አዞሩ። ላይማን ከሰገነቱ ጫፍ ላይ ወንበር አገኘ፤ ጫማውን አወለቀና ተቀመጠ። ማንም ምንም አልጠየቀውም።

ሲመለሱ ኮራ በመስኮቱ የብርቱካኑን እርሻ ታያለች።

«አፉ አልታመመም» አለች።

«አልታመመም።»

«ዱቄቱ አንሶ ነው እንጂ ጨዉ እኮ አልበዛም።» ባዶውን ሳህን ጭኗ ላይ አመቻቸች። «ለሳምንት ግን ትንሽ ልቀንስለት ይሆናል።»

ላይማን ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ራሱን ነቀነቀ። ነገ ጠዋት ሥራ አለው፤ የአንድ ባንክ በር ሊከፍት።